ደርሃም ቆሞ ፋውንተንስ ለምን ፈረሰ?

ጠያቂያችን የሚኖሩት በሰሜን እንግሊዝ ነው። በአንድ የሳምንት መጨረሻ ቅዳሜ የደርሃምን ካቴድራል፣ እሁድ ደግሞ የፋውንተንስን ገዳም ጎብኝተዋል። የመጀመሪያው ጣሪያው፣ ደወሉና መስኮቱ ሙሉ ነው፤ እስከ ዛሬም የማታ ጸሎት በዜማ ይደርስበታል። ሁለተኛው ወለሉ ሣር የለበሰ፣ ቅስቶቹ ለሰማይ የተራቆቱ ግዙፍ ፍርስራሽ ነው። አስጎብኚዎቹ ግን ሁለቱም የመነኮሳት ቤት እንደነበሩ ነገሯቸው። «ታዲያ ፋውንተንስን ያፈረሰው የትኛው ጦርነት ነው? ደርሃምስ እንዴት ተረፈ? ለመሆኑ ካቴድራልና ገዳም አንድ ነገር ናቸው ወይ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

መልሱን ከጫፉ ልስጥዎት። ፋውንተንስን ያፈረሰው ጦርነት አይደለም፤ ወረቀትና እርሳስ ነው። እርሳስ ስል የሚጻፍበትን ሳይሆን ጣሪያ የሚለብሰውን ማዕድን ማለቴ ነው። ደርሃምን ያተረፈው ደግሞ አንድ ወንበር ነው። የሚከተለው የእነዚህ የሦስቱ ታሪክ ነው፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከወንበሩ እንነሳ። ካቴድራል የሚለው ቃል «ካቴድራ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ ጳጳሱ ተቀምጦ የሚያስተምርበት ወንበር ማለት ነው። በእኛ ዘንድ መንበር ሲባል ታቦቱ የሚያርፍበትም ስለሆነ እንዳይምታታብዎት፤ እዚህ የማወራው በእርግጥ ሰው ስለሚቀመጥበት ነገር ነው። ብዙዎቻችን ካቴድራል ሲባል ትልቅና ያማረ ቤተ ክርስቲያን ይመስለናል፤ መጠኑ ግን ከጉዳዩ ውስጥ የለበትም። የጳጳሱ ወንበር ያለበት ትንሽ ቤት ካቴድራል ነው፤ ወንበሩ የሌለበት ግዙፍ ሕንጻ ካቴድራል አይደለም። ደርሃም ውስጥ ከመዘምራኑ መቀመጫ አጠገብ ደረጃ ያለው፣ በወርቅና በቀለም ያጌጠ ከፍ ያለ ዙፋን አይተው ይሆናል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው ጳጳስ ቶማስ ሃትፊልድ ነው፤ የተቀበረውም እዚያው ከዙፋኑ ሥር ነው። በክርስቲያኑ ዓለም ከሁሉ ከፍ ያለው የጳጳስ ወንበር እየተባለ ይነገርለታል። ሰውዬው ትሕትና የሚያበዛ አልነበረም።

ገዳም ሌላ ነገር ነው። መነኮሳት በአንድ ሥርዓት፣ በአንድ አበምኔት ሥር አብረው የሚኖሩበት፣ የሚጸልዩበትና የሚሠሩበት ቤት ነው። ጳጳስ ሀገረ ስብከት ያስተዳድራል፤ አበምኔት ገዳሙን ያስተዳድራል። በተቀረው አውሮፓ ሁለቱ በአብዛኛው ተለያይተው ይኖሩ ነበር። በእንግሊዝ ግን ተጋቡ፤ የጥያቄዎ ቁልፍም ይህ ጋብቻ ነው።

ምክንያቱ ከመጀመሪያው ነው። በ597 የሮሙ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ ታላቁ ልኮት ወደ ኬንት የገባው አውግስጢኖስ (የሂፖው ሊቅ አይደለም፤ ስማቸው ነው የተገጣጠመው) ራሱ መነኩሴ ነበር፤ ተከታዮቹም መነኮሳት ነበሩ። የኬንት ንጉሥ ኤቴልበርት ገና አረማዊ ሳለ ሚስቱ በርታ፣ የፍራንኮች ንጉሥ ልጅ፣ ክርስቲያን ስለነበረች መንገዱ ቀናላቸው፤ አውግስጢኖስም ወንበሩን ካንተርበሪ ላይ አደረገ። በሰሜን ደግሞ በ635 ኤይዳን የሚባል መነኩሴ ከአዮና ደሴት መጥቶ ሊንዲስፋርን ላይ ጳጳስም መነኩሴም ሆኖ ተቀመጠ። የደቡቡና የሰሜኑ ወገን ፋሲካን በተለያየ ቀን ስለሚያከብሩ በ664 በእመምኔት ሂልዳ ገዳም፣ ዊትቢ ላይ ጉባኤ ተቀመጠና የሮም ስሌት አሸነፈ። ባሕረ ሐሳብ እንቅልፍ የነሳው የእኛን ሊቃውንት ብቻ አይደለም።

ደርሃም የዚያ የሊንዲስፋርን ልጅ ነው። ከኤይዳን በኋላ ከተነሡት ጳጳሳት አንዱ፣ በጸሎቱና በብሕትውናው የታወቀው ኩትበርት፣ በ687 አረፈ፤ ሥጋው ሳይፈርስ ተገኘ ተብሎም መቃብሩ የመሳለሚያ ስፍራ ሆነ። በ793 ቫይኪንጎች ደሴቲቱን ዘረፉ። በ875 ማኅበሩ ፈጽሞ ለቆ ሲወጣ የኩትበርትን ሣጥን ተሸክሞ ነበር። ከቦታ ቦታ ሲዞሩ ኖረው፣ በቼስተር ሌ ስትሪት ከመቶ ዓመት በላይ ተቀምጠው፣ በ995 ወንዝ የከበበው ኮረብታ ላይ ሣጥኑን አሳረፉ። ያ ኮረብታ ደርሃም ነው። ዛሬ ዐፅሙ ከዋናው መሠዊያ ኋላ ስሙ ብቻ በተጻፈበት ሰሌዳ ሥር ይገኛል።

ሣጥኑን ይዘው የመጡት ሰዎች ዘሮች በጊዜ ብዛት ምንኩስናውን ትተው ሚስት ያገቡ ካህናት ሆነው ነበር። በ1066 ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች አገሩን ሲይዙ ይህ አልተዋጠላቸውም። በ1083 ጳጳስ ዊልያም ደ ሴንት ካሌ እነዚያን ካህናት አስወጥቶ የቅዱስ ቤኔዲክትን ሥርዓት የሚከተሉ መነኮሳትን አስገባ። ይህ አዲስ ፈጠራ አልነበረም፤ በ964 ጳጳስ ኤቴልዎልድ ዊንቸስተር ላይ ያንኑ አድርጎ ነበር። ከኖርማኖቹ ወረራ በኋላ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ የሆነው ላንፍራንክም መነኩሴ ስለነበር ሐሳቡን ገፋበት። በውጤቱ በመካከለኛው ዘመን ከእንግሊዝ ካቴድራሎች ግማሽ ያህሉ በመነኮሳት የሚገለገሉ ሆኑ፦ ካንተርበሪ፣ ዊንቸስተር፣ ዉስተር፣ ኖርዊች፣ ኢሊ፣ ሮቸስተር፣ ደርሃም። እንደ ዮርክ፣ ሊንከን፣ ሳልስበሪና ኤክሰተር ያሉት ደግሞ መነኩሴ ሳይሆኑ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቤትና ገቢ ባላቸው ካህናት ይተዳደሩ ነበር። (ሳልስበሪ ቢሄዱ በአራት ማዕዘን ግቢ ዙሪያ የሚዞር ግሩም ባለ ቅስት መተላለፊያ ያያሉ፤ መነኮሳት የሚመላለሱበት ዓይነት ነው። እንዳይሸወዱ፤ እዚያ መነኮሳት ኖረው አያውቁም። ቢያምራቸው ሠሩት።)

መነኮሳት በሚያገለግሉት ካቴድራል ጳጳሱ በስም አበምኔት ነው፤ ዕለት ዕለት መነኮሳቱን የሚመራው ግን «ፕራየር» የሚባለው አለቃ ነው። ሁለት አለቃ ባለበት ቤት ጠብ አይጠፋም። የደርሃም መነኮሳት ከጳጳሳቸው ጋር በርስትና በሥልጣን ሲከራከሩ ኖረዋል፤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መብታችንን ያሳዩልናል ያሏቸውን የመተዳደሪያ ሰነዶች ራሳቸው ጽፈው በቀደመው ጳጳስ ስም አውጥተዋቸዋል። ዛሬ የታሪክ ሰዎች የሐሰት መሆናቸውን ከአጻጻፋቸው ይለያሉ። መነኩሴም ቢሆን ርስት ሲነካበት ብዕሩ ይሾላል።

ሕንጻው የተጀመረው በ1093 ሲሆን በ40 ዓመት ተፈጸመ፤ ለዚያ ዘመን ፈጣን ነው። የምእመናኑን ክፍል ዓምዶች አንዱን ጠጋ ብለው አይተውት እንደሆነ አላውቅም። ዙሪያው 6.6 ሜትር፣ ቁመቱም 6.6 ሜትር ነው። ፊቱ ላይ እንደ ሳሪያ ጥለት የተሰበረ መስመርና የአልማዝ ቅርጽ ተቀርጿል፤ ጥለቱ ደግሞ በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ መሬት ላይ እያለ ተጠርቦ ኋላ የተገጣጠመ ነው። ሽቅብ ቢያዩ በሰያፍ የሚሻገሩ የድንጋይ ጅማቶች ጣሪያውን ይሸከማሉ። ይህን ያህል ስፋት በእንዲህ ዓይነት ቅስት መክደን በአውሮፓ ገና አዲስ ነበር። ወደ ምዕራቡ በር ሲመለሱ ደግሞ ወለሉ ላይ ጥቁር የእብነ በረድ መስመር አለ፤ በመነኮሳቱ ዘመን ሴት ከዚያ አታልፍም ነበር። የክብራን ገብርኤልን ወይም የደብረ ዳሞን ደንብ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። የመነኮሳቱ መኝታ ቤት እስከ ነባር የኦክ እንጨት ጣሪያው፣ ባለ ስምንት ማዕዘኑ ማድ ቤትም እስከ ቅስቶቹ ዛሬም አሉ። ደርሃም ገዳምነቱን ያልደበቀ ካቴድራል ነው።

አሁን ወደ ፋውንተንስ እንሻገር። በ1132 ዮርክ ከተማ ውስጥ በሚገኘው የቅድስት ማርያም ገዳም 13 መነኮሳት «ሥርዓቱ ላልቷል፣ ምግቡ በዝቷል» ብለው አመፁ፤ ግርግር ተነሥቶ ወጡ። የዮርኩ ሊቀ ጳጳስ ቱርስታን አስጠግቶ በገና ሰሞን በስኬል ወንዝ ሸለቆ ባዶ መሬት ሰጣቸው። የመጀመሪያውን ክረምት ከአለቱ ጥግና ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር እንዳሳለፉ፣ ቅጠል ቀቅለው እንደበሉ የገዳሙ ታሪክ ይተርካል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሲስተርሲያን ወደሚባለው፣ በዚያ ዘመን በጥብቅነቱ ስሙ ወደገነነው ማኅበር ገቡ።

ሲስተርሲያኖች ሆን ብለው ሰው የማይኖርበትን ይመርጣሉ። ያልተቀለመ የበግ ጠጉር ይለብሳሉ፤ ጌጥ ይጠላሉ፤ ከገበሬ በሚሰበሰብ ግብር ከመኖር በእጃችን ሠርተን እንብላ ይላሉ። ለዚህም ከመነኮሳቱ ሌላ «ረድእ» ልንላቸው የምንችል፣ ቃል ኪዳን የገቡ ግን ማኅሌቱ የማይጠበቅባቸው ወንድሞች ነበሯቸው፤ ማረሱ፣ መገንባቱ፣ በግ መጠበቁ የእነርሱ ነበር። ፋውንተንስ ውስጥ በረጅሙ የተዘረጋው፣ ዓምዶቹ እንደ ዘንባባ ወደ ጣሪያው የሚበተኑት አዳራሽ የእነርሱ ነው፤ ግማሹ ጎተራ፣ ግማሹ መመገቢያ፣ ላዩ መኝታ ነበር። ርዝመቱ 90 ሜትር ያህል ነው፤ የድንጋይ ቅስቱ ዛሬም ጸንቶ ይታያል።

ምድረ በዳ የፈለገ ሰው በግ አረባና ሀብታም ሆነ። ጉዱ ይህ ነው። የፍሎረንስ ነጋዴዎች በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባጠናቀሩት የእንግሊዝ የበግ ጠጉር ዝርዝር ፋውንተንስ በዓመት 76 ከረጢት ያቀርባል ተብሎ ተመዝግቧል፤ አንዱ ከረጢት ወደ 165 ኪሎ ይመዝናል። የሚመጣውን ዓመት ጠጉር ዛሬ ሸጠው ገንዘቡን ቀድመው ስለሚወስዱ፣ በጎቹ በበሽታ ሲያልቁ ዕዳው ከመነኮሳቱ አንገት ላይ ይቀራል። በ1348 ገብቶ አገሩን ያራቆተው ወረርሽኝ ደግሞ ረድኦቹን ጨረሰ፤ ከዚያ ወዲህ መሬቱ ለጭሰኛ ይከራይ ጀመር። ያም ሆኖ ሀብቱ አልነጠፈም። ገና ከሩቅ ያዩት ትልቁ ግንብ የተሠራው ገዳሙ ሊዘጋ ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ሲቀሩት፣ በአበምኔት ማርማዱክ ሁቢ ዘመን ነው። ጌጥ የሚጠላው ማኅበር መጨረሻ ላይ ያን ግንብ አቆመ።

ወረቀቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ከሚስቱ ጋር ለመፋታት ሮም እምቢ ስትለው በ1534 ራሱን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ አደረገ። በማግሥቱ ዓመት አማካሪው ቶማስ ክሮምዌል በየአገሩ ልዑካን አሰማርቶ የእያንዳንዱን ገዳም፣ ደብርና ሀገረ ስብከት የዓመት ገቢ አስመዘገበ። ታላቅ የሒሳብ ሥራ ነበር፤ ማን ምን እንዳለው ከታወቀ በኋላ የቀረው መውሰድ ነው። በ1536 ፓርላማ ገቢያቸው በዓመት ከ200 ፓውንድ በታች የሆኑ ገዳማት እንዲዘጉ ወሰነ። የፋውንተንስ ገቢ ከ1,000 ፓውንድ በላይ ስለነበር ለጊዜው አለፈው።

ሰሜኑ ግን ዝም አላለም። በዚያው ዓመት በሮበርት አስክ መሪነት በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ለገዳማቱና ለአሮጌው እምነት ተነሣ። ንጉሡ በተስፋ ቃል በትኖ ኋላ መሪዎቹን ለቀመ፤ አስክ በ1537 ዮርክ ላይ ተሰቀለ። የፋውንተንስ የቀድሞ አበምኔት ዊልያም ቴርስክም በዚሁ ጦስ ለንደን ውስጥ ተሰቀለ። ከዚያ ወዲህ ትልልቆቹ ገዳማት የተዘጉት «በፈቃዳቸው» ነው፤ ልዑካኑ የርክክብ ሰነድ ይዘው ይመጣሉ፣ አበምኔቱና መነኮሳቱ ይፈርማሉ፣ ጡረታ ይቆረጥላቸዋል። እምቢ ያለ ምን እንደሚያገኘው ለማሳየት የግላስተንበሪ አበምኔት ሽማግሌው ሪቻርድ ዋይቲንግ በኅዳር 1539 ከገዳሙ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ተሰቀለ። በዚያው ወር የፋውንተንስ አበምኔት ማርማዱክ ብራድሊ ፈረመና በዓመት 100 ፓውንድ ጡረታ አገኘ። የመጨረሻው ገዳም ዋልተም በመጋቢት 1540 ተዘጋ። በአራት ዓመት ውስጥ ወደ 800 የሚጠጉ ቤቶች አለቁ።

ከርክክቡ በኋላ እርሳሱ ነበር። የገዳም ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ በእርሳስ ሉህ የተከደነ ነው፤ ማዕድኑ ይቀልጣል፣ ይሸጣል፣ ለመንግሥት ጥሩ ገንዘብ ነው። ልዑካኑ መጀመሪያ የሚያወርዱት እርሱን ነው። ማገዶውም እዚያው አለ፤ መነኮሳቱ ቆመው ያዜሙበት የነበረው የተቀረጸ የእንጨት መቀመጫ ተፈልጦ እርሳሱ ይቀልጥበታል። ደወሉም ለነሐሱ ተሰብሮ ይሸጣል። ጣሪያ የሌለው ግንብ ውሃ ይጠጣል፤ ውርጭ ይሰነጥቀዋል፤ ቅስቱ ይወድቃል፤ የወደቀውን ድንጋይ ደግሞ ጎረቤት በጋሪ ይጭነዋል። ስለዚህ የሚያዩት ፍርስራሽ በመድፍ የተመታ ሳይሆን ልብሱ ተገፎ ለዝናብ የተሰጠ ቤት ነው።

ስለ ሮሽ ገዳም መዘረፍ አንድ ቄስ ከአባቱና ከአጎቱ የሰማውን ጽፎ ትቷል። ሰዎች የጸሎት መጻሕፍቱን ብራና ወስደው የጋሪያቸውን ሽፋን ጠገኑበት ይላል። በኋላ አባቱን «ስለ መነኮሳቱ ክፉ አላሰብክም ነበር፤ ታዲያ ለምን ዘረፍክ?» ቢለው፣ ሁሉም ነገር እንደሚወሰድ ስላየሁ እኔም ሌሎች እንዳደረጉት አደረግሁ አለው። ከዚያ ዘመን ከተጻፈው ሁሉ እኔ ደጋግሜ የምመለስበት ይህን ነው።

ሁሉም ግን አልፈረሱም። ከተማ መካከል የነበሩ ገዳማት ከቤተ ክርስቲያናቸው አንዱ ክፍል ለአካባቢው ምእመናን አጥቢያ ሆኖ ያገለግል ነበር፤ ሰው ይጠመቅበታል፣ ይዳርበታል፣ ይቀበርበታል። እንዲህ ያለውን ከተሜው ተረባርቦ ገዛው። የቴውክስበሪ ሰዎች 453 ፓውንድ፣ የሴንት ኦልባንስ ሰዎች 400 ፓውንድ ከፍለው ቤተ ክርስቲያናቸውን አስቀሩ። ፋውንተንስ ግን አጥቢያ አልነበረውም። መነኮሳቱ በ1132 ከሰው የሸሹበት ሸለቆ በ1539 የሚገዛላቸው ሰው አልነበረበትም።

ደርሃምስ? የደርሃም መነኮሳትም በ1539 መጨረሻ ፈርመዋል። ከዚያ በፊት የንጉሡ ሰዎች የኩትበርትን መካነ መቃብር ሊያፈርሱ መጥተው ነበር። ወርቁንና ዕንቁውን ነቅለው ሣጥኑን አንጥረኛው በመዶሻ ሲሰብር ዐፅም ሳይሆን ጢሙ ያደገ ሙሉ ሰውነት አገኙ፣ አንጥረኛው እግሩን እንደሰበረበትም ደንግጦ ጮኸ ተብሎ ይተረካል። እውነትም ይሁን አይሁን፣ ሥጋው አልተጣለም፤ እዚያው ተቀበረ።

ገዳሙ ሲሞት ግን ወንበሩ አልሞተም። ጳጳሱ አለ፤ ሀገረ ስብከቱ አለ፤ ጳጳስ ደግሞ ወንበሩን የሚያኖርበት ቤት ያስፈልገዋል። ንጉሡ ከሮም ተለየ እንጂ ጳጳሳትን አልሻረም፤ እንዲያውም አገር የሚያስተዳድርለት ይህ መዋቅር ነው። ስለዚህ በ1541 ደርሃም በአዲስ ደንብ ተቋቋመ፤ በመነኮሳቱ ፈንታ «ዲን» የሚባል አለቃና የካህናት ጉባኤ ተሾመበት። የመጀመሪያው ዲን ማን እንደሆነ ይገምቱ፤ የመጨረሻው የመነኮሳቱ አለቃ ሂዩ ዋይትሄድ ነው። ቀሚሱን ለውጦ በዚያው ቤት ቀጠለ፤ ከመነኮሳቱም አብረውት ካህን ሆነው የቀሩ ነበሩ። ዊንቸስተርና ኖርዊችም እንዲሁ።

የወንበሩ ነገር ዋና መሆኑን ከተጠራጠሩ ኮቨንትሪን ይመልከቱ። የዚያ ሀገረ ስብከት ጳጳስ ሁለት ወንበር ነበረው፤ አንዱ ኮቨንትሪ በመነኮሳት ቤት፣ ሌላው ሊችፊልድ በካህናት ቤት። አንድ ወንበር ይበቃል ተባለ፤ ጳጳሱ ራሱ ቢለምንም የኮቨንትሪው ፈረሰ። በዚህ ዘመቻ የወደቀ የእንግሊዝ ካቴድራል እርሱ ብቻ ነው። በተቃራኒው ወንበር አግኝተው የዳኑ ገዳማት አሉ፤ ሄንሪ አዳዲስ ሀገረ ስብከቶች ሲያቋቁም የግሎስተር፣ የፒተርቦሮ፣ የቼስተርና የብሪስቶል ገዳማት ካቴድራል ተባሉ። ፒተርቦሮ የተረፈው የተፈታችው ሚስቱ ካተሪን እዚያ ስለተቀበረች ነው የሚል ወግ አለ፤ ሄንሪን ለማወቅ ለሞከረ ሰው ግን አይዋጥም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ ነው፦ በአዲሶቹ ሀገረ ስብከቶች የመጀመሪያ ዕቅድ ውስጥ የፋውንተንስ ስም ነበረበት። ሐሳቡ ተቀየረና ወንበሩ ቼስተር ሄደ። ፋውንተንስ በ1540 ለለንደኑ ነጋዴ ሪቻርድ ግሬሻም ተሸጠ።

ስለ ስም አንድ ነገር ልጨምር፤ ጥያቄዎ ውስጥ ባይኖርም መምጣቱ አይቀርም። ዌስትሚንስተር «አቢ» ይባላል፤ የአበምኔት ገዳም ማለት ነው። ዛሬ አበምኔትም መነኩሴም የለበትም። ከ1540 እስከ 1550 ካቴድራል ነበር፤ በንግሥት ሜሪ ዘመን መነኮሳት ተመለሱ፤ በ1560 ኤልሳቤጥ ለጳጳስ ሳይሆን ለዘውዱ በቀጥታ ተጠሪ አድርጋው እንደዚያው አለ። ለእኛ ይህ ባዶ ወግ አይደለም። በ1868 ከመቅደላ የተወሰደ አንድ ታቦት እዚያው በሄንሪ 7ኛ ጸሎት ቤት መሠዊያ ውስጥ ታሽጎ ይገኛል፤ በ2024 ይመለስ ብሎ በመርህ ደረጃ የተስማማው የዚያ ቤት ዲንና ጉባኤ ነው እንጂ የለንደን ጳጳስ አይደለም።

ስለ ጦርነት ጠይቀው ነበር። ጦርነት የገባው በቆመው ቤት ነው። በመስከረም 1650 ንጉሡን ከዙፋን ያስወገደው የፓርላማ ወገን የጦር መሪ ኦሊቨር ክሮምዌል፣ ከዚያው ከቶማስ ክሮምዌል እህት ዘር የሚወለደው፣ ደንባር ላይ ስኮትላንዳውያንን ድል አደረገ፤ ወደ 3,000 ያህል ምርኮኞች ደርሃም ካቴድራል ውስጥ ታጎሩ። ካቴድራሉ በዚያን ጊዜ ተዘግቶ ባዶውን ነበር። ቅዝቃዜው ሲበረታባቸው ያገኙትን እንጨት ሁሉ አነደዱት፤ መቀመጫው፣ ግርዶሹ ሁሉ ሄደ። ትልቁን የእንጨት ሰዓት ግን ተዉት፤ የስኮትላንድ ምልክት የሆነው ኮሸሽላ ስለተቀረጸበት ነው ይባላል። በደቡብ ክንፍ ይገኛል፤ አልፈውት ከሆነ ሲመለሱ ይዩት። ከምርኮኞቹ 1,700 ያህሉ ሞቱ። የት እንደተቀበሩ ለዘመናት ሳይታወቅ ቆይቶ በ2013 ከካቴድራሉ አጠገብ ለግንባታ ሲቆፈር ዐፅማቸው ተገኘ፤ በ2018 በክብር ተቀበሩ። ንግሥናው በ1660 ሲመለስ ጳጳሱም ወደ ወንበሩ ተመለሰ፤ ዛሬ የሚያዩት የመዘምራኑ መቀመጫ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው።

ፋውንተንስ በበኩሉ እጅ ሲቀያይር ኖረ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስቴፈን ፕሮክተር ከገዳሙ ድንጋይ ወስዶ በሩ ላይ ያለውን ውብ መኖሪያ ቤት ሠራ። በ1760ዎቹ የጎረቤቱ የአትክልት ስፍራ ባለቤት ዊልያም አይዝላቢ ፍርስራሹን ገዛው፤ ዓላማው ከአትክልቱ መጨረሻ ላይ ቆሞ ሲታይ ያማረ እይታ እንዲሆንለት ነበር።  በ1986 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ አድርጎ ሲመዘግብ ፋውንተንስንና ደርሃምን በአንድ ዓመት መዝግቧቸዋል።

በሚቀጥለው ጉዞዎ ዮርክ ካቴድራል ቢገቡ በሰሜኑ ክንፍ «አምስቱ እኅቶች» የሚባለውን መስኮት ይመልከቱ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ ከ100,000 በላይ የመስታወት ቁርጥራጭ ያለበት፣ ግራጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ረጅም መስኮት ነው። እነዚያን ቁርጥራጮች የሚይዘው ቀጭን የእርሳስ ማሰሪያ ነው። በ1920ዎቹ መስኮቱ ሲታደስ አዲስ እርሳስ አስፈለገው። በዚያው ሰሞን ከፋውንተንስ ብዙ በማይርቀው በሌላው የሲስተርሲያኖች ገዳም፣ በሪቮ፣ የወደቀው የቤተ ክርስቲያኑ የምዕራብ ጫፍ ፍርስራሽ ሲጠረግ ከሥሩ ቀልጠው የተጋገሩ፣ የሄንሪ 8ኛ የጽጌረዳና የዘውድ ማኅተም ያለባቸው የእርሳስ ጥፍጥፎች ተገኙ። ጣሪያው ወርዶ፣ ቀልጦ፣ ማኅተም ተመትቶበት ሳይጫን ግንቡ ተንዶበት እዚያው ለአራት መቶ ዓመት ያህል ቀርቶ ነበር። ያ እርሳስ ዛሬ ዮርክ ላይ መስታወቱን ይዞታል።